ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ፦ ከዐረብኛ ጉርብትና ቃል የለቀመው ሰው

በዐረብ አገር ለዓመታት የኖረ አማርኛ ተናጋሪ ዕብራይስጥ ሲነገር ቢሰማ፣ ቋንቋውን ሳያውቀው አንዳንድ ቃል ማወቁ ያስገርመዋል። ቤት «ባይት» ነው፤ ስም «ሼም» ነው፤ ዐይን ያው «ዓይን» ነው። ነገሩ ከሥሩ ሲታይ ግን አያስገርምም። ሦስቱን ፊደላት ክ፣ ት፣ ብን እንውሰድ። ዐረቡ ከእነዚህ ኪታብን፣ ካቲብንና መክተብን ያወጣል፤ ዕብራይስጥ ደግሞ ደብዳቤን «ሚኽታቭ»፣ አድራሻን «ክቶቬት» ይላል። በግእዝ ከተበ ማለት ጻፈ ነው፤ ክታብም ክትባትም የዚያው ቤት ልጆች ናቸው። ሥሩን የያዘ ሰው ገና ያልተማረውን ቃል እንኳ መገመት ይችላል።

ይህን የሥር ኃይል የዕለት ተዕለት ኑሮ መሣሪያ ለማድረግ ዕድሜውን የሰጠው ሰው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1858 ዛሬ ቤላሩስ በምትባለው አገር፣ ሉዥኪ በምትባል አነስተኛ ከተማ ሲሆን፣ የቤተሰቡ ስም ፐርልማን ነበር። አባቱ የሞቱት እርሱ ገና ሕፃን ሳለ ነው። በዚያን ዘመን ዕብራይስጥ የጸሎት፣ የሃይማኖት መጻሕፍትና የሊቃውንት ቋንቋ ነበር። ፈጽሞ ሞቶ ነበር ማለት ስሕተት ይሆናል፤ ከተለያየ አገር የመጡ አይሁድ በኢየሩሳሌም ገበያ ሲገናኙ ይግባቡበት ነበርና። ነገር ግን እናት ልጇን የምታባብልበት አንድም ቤት አልነበረም።

ወጣቱ ሕክምና ሊማር ፓሪስ ገባ፤ ትምህርቱን ሳይጨርስም የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። ሞቃት አየር ፍለጋ ወደ አልጀርስ ሄደ። በዚያ ካገኛቸው የአገሬው አይሁድ ጋር በዕብራይስጥ ተነጋገረ፤ አነጋገራቸውንም ወደደው። በ1881 ከባለቤቱ ከዲቮራ ጋር ጃፋ ደረሰ፤ ከዚያም በዑስማኒያ መንግሥት ሥር በነበረችው በኢየሩሳሌም ተቀመጠ።

በቤቱ የደነገገው ሕግ ጽኑ ነበር፤ ከዕብራይስጥ በቀር ሌላ ቋንቋ አይነገርም። በ1882 የተወለደው የበኩር ልጁ ሌላ ልሳን እንዳይሰማ ከእኩዮቹ ተለይቶ አደገ፤ አፉንም የፈታው እጅግ ዘግይቶ ነው። ልጁ ካደገ በኋላ እንደ ተረከው፣ አንድ ቀን እናቱ በሩስኛ ስታባብለው አባትየው ደርሶ በቁጣ ጮኸ፤ ሕፃኑም በድንጋጤ የመጀመሪያ ቃሉን ተናገረ። ዓላማው ትልቅ ነው ብንል እንኳ፣ ዋጋውን አስቀድመው የከፈሉት እናትና ልጅ መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም።

ከኑሮው በላይ ያስቸገረው ደግሞ ድኻው መዝገበ ቃላት ነበር። ልጅ ከማርማላታ ጋር ዳቦ ሲጠይቅ፣ ለማርማላታው ምን ይባላል? ቤን ይሁዳ የዐረቡን ሙረባ ሰምቶ «ሪባ» የሚለውን ቃል አወጣ። ጨዋ ሰውን ከአዲብ በመነሣት «አዲቭ» አለው። ከቋንቋው ከራሱም ይፈለቅቅ ነበር፤ ቃል «ሚላ» ስለሚባል መዝገበ ቃላትን «ሚሎን»፣ ጊዜ «ዔት» ስለሚባል ጋዜጣን «ዒቶን» ብሎ ሰየመ። ሁሉም አልሰመረለትም። ለቲማቲም በዐረብኛው በንዱራ መነሻነት «ባዱራ» የሚል ስም ቢያቀርብም ሕዝቡ ሌላ ስም መረጠ፤ ገበያ ለሊቅ አይታዘዝም።

ይህ ዘዴ አዲስ አልነበረም። ቀደም ሲል በአሥረኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአንደሉሱ ቁርጡባ፣ ይሁዳ ሐዩጅ የተባለ አይሁዳዊ ሊቅ የዐረብ ነሕው ሊቃውንትን ስልት ተከትሎ የዕብራይስጥ ግስ ሥሩ ሦስት ፊደል መሆኑን አስረድቷል፤ መጻሕፍቱንም የጻፈው በዐረብኛ ነበር። ቤን ይሁዳ ከዚህም ርቆ ሄደ፤ እርሱ ለመራው የቋንቋ ኮሚቴ፣ ዕብራይስጥ የጎደለውን ከዐረብኛ ሥሮች በስፋት እንዲሞላ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ በሙሉ ተቀባይነት አላገኘም። የጽዮናዊነት ደጋፊ የነበረው ይህ ሰው፣ የቋንቋውን ጉድለት የሞላው ከዚያው አገር ነባር ሕዝብ አንደበት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ጠላትም አላጣም። የተቀደሰውን ልሳን ለገበያና ለወጥ ቤት አዋለው ያሉ የኢየሩሳሌም አይሁድ ካህናት አወገዙት። በ1893 ጋዜጣው ባወጣው አንድ ጽሑፍ ምክንያት በዐመፅ ማነሣሣት ተከስሶ ታሠረ፤ በይግባኝም ተለቀቀ። ከሁሉ የከፋችው ግን 1891 ነበረች። ዲቮራ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች፤ ወዲያውም ሦስት ልጆቻቸው በዲፍቴሪያ አለቁ። በኋላ ያገባት ታናሽ እኅቷ ሔምዳ ለሥራው ዋና ረዳት ሆነች፤ ገንዘብ እየለመነች መዝገበ ቃላቱን እንዲታተም ያደረገችው እርሷ ናት።

በ1922 የፍልስጥኤም ሞግዚትነት ሰነድ ዕብራይስጥን ከዐረብኛና ከእንግሊዝኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ አደረገው። ቤን ይሁዳ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በ64 ዓመቱ ሞተ፤ መዝገበ ቃላቱ ገና አላለቀም ነበር። ሔምዳና ልጇ ከሌሎች ሊቃውንት ጋር ሥራውን ቀጠሉት፤ 17ኛው ጥራዝም በ1959 ተጠናቀቀ። በግርጌ ማስታወሻዎቹ ላይ ከዕብራይስጡ ቃል ጎን የዐረብኛው ወንድሙ ተጽፎ ይገኛል።