የቅዱስ ባስልዮስ እምነትና ሥራ

ቅዱስ ባስልዮስ በቀጰዶቅያ ከክርስቲያን ወላጆች ተወልዶ፥ በአቴና የዓለምን ጥበብ ከተማረ በኋላ ምንኩስናን መረጠ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ369 ዓ.ም. ገደማ በቂሣርያ ረኃብ በጸና ጊዜ፥ ገና ቄስ ሳለ፥ ባለጸጎች ጎተራቸውን እንዲከፍቱ ገሠጸ፤ ረኃብተኞቹንም ሰብስቦ በድስት የተቀቀለውን ጥራጥሬ ራሱ ቆሞ አበላቸው። በ370 ዓ.ም. ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ከተሾመ በኋላም፥ ሰውነቱ ደካማና በሽተኛ ሲሆን፥ ከከተማው ውጭ ለድኆች፥ ለእንግዶችና ለሕሙማን መጠጊያ ሠራ፤ ሰው የሚሸሻቸውን ለምጻሞችም ቀርቦ ይስም ነበረ። በ379 ዓ.ም. ዐረፈ።

በስሙ የተሰየመውን ቅዳሴ የምንቀድስና የምናስቀድስ እኛ፥ ከመቅደሱ ወጥተን በደጀ ሰላም የተቀመጠውን ነዳይ ሳናይ ብናልፍ፥ ጸሎቱን ይዘን ሥራውን መተዋችን ነውና፥ ዛሬውኑ ከማዕዳችን ቆርሰን እናካፍል።