ሙሴ ኢልግ - የመጀመሪያውን የቧንቧ መስመር በአዲስ አበባ ምድር የቀበሩ መሐንዲስ

በ1886 ዓ.ም. ገደማ ከእንጦጦ ተራራ የሚወርድ ውኃ በመሬት ውስጥ በተቀበረ የብረት ቧንቧ ተጉዞ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ በፈሰሰ ጊዜ የከተማው ሕዝብ ጉዳዩን እንደ ተአምር ተመልክቶት ነበር። ውኃው ከተራራው ወርዶ ሸለቆውን ካቋረጠ በኋላ ግቢው ወደ ታነፀበት ኮረብታ ተመልሶ ይወጣ ስለነበር፣ የውኃን ወደ ላይ መውጣት አስቀድመው ያላመኑ ሰዎች ብዙዎች ነበሩ። ከዚያም ወዲህ ለዚሁ ሥራ ግጥም ተገጥሞለታል። መስመሩን የዘረጉት ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ሲሆኑ በዘመኑ ሰው አንደበት ሙሴ ኢልግ በመባል ይታወቁ ነበር።

ኢልግ መጋቢት 22 ቀን 1846 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ ቱርጋው ግዛት በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለዱ። በወጣትነታቸው የእጅ ሙያ ከተማሩ በኋላ በዙሪክ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው በመካኒካል ምህንድስና ሠለጠኑ። በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ የአውሮፓን ጥበብ የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጉ ነበርና፣ በኤደን በኩል ይነግድ የነበረ አንድ የስዊዘርላንድ የንግድ ቤት ጥያቄውን አደረሰው። ወጣቱ መሐንዲስ ከሁለት የአገራቸው ባለሙያዎች ጋር ጉዞ ጀመሩ፤ በባሕር ጠረፍ ለወራት ከተጉላሉ በኋላም በጥር ወር 1871 ዓ.ም. አንኮበር ደረሱ።

ንጉሡ አዲሱን ባለሙያ በቀጥታ ወደ ታላቅ ሥራ አላሰማሯቸውም። መጀመሪያ ጫማ እንዲሠሩ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠሩ ታዘው ሁለቱንም እንደፈጸሙ ይነገራል። ጠመንጃውን ከውጭ ማስመጣት ርካሽ እንደሆነ ለንጉሡ ማስረዳታቸውም በዚሁ ታሪክ ውስጥ ይጠቀሳል። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ፈተናው ተገቢ ነበር፤ በዚያ ዘመን ራሳቸውን መሐንዲስ ብለው ወደ ነገሥታት ግቢ የሚመጡ አውሮፓውያን ጥቂት አልነበሩምና። ኢልግ አማርኛን አጥንተው በሚገባ ተናገሩ፣ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠሩ፣ በአንኮበርና ኋላም በእንጦጦ በተከናወኑ ግንባታዎች ተሳተፉ።

በ1879 ዓ.ም. መናገሻው ከእንጦጦ ወደ ፍልውኃ አካባቢ ወረደ። የዚህ ውሳኔ ባለቤት እቴጌ ጣይቱ ብጡል እንደሆኑ የታወቀ ነው። ይሁንና ፍል ውኃው ለመታጠቢያና ለመፈወሻ የሚፈለግ እንጂ ለቤተ መንግሥቱ የዕለት ፍጆታ የሚበቃ አልነበረም። ግቢው በኮረብታ ላይ በመሆኑ ለመጠጥና ለግብር የሚያስፈልገው ውኃ በሰው ጀርባና በአጋሰስ ይመላለስ ነበር። በግብር ቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው ይስተናገድ እንደነበረ ለሚያውቅ አንባቢ የሸክሙን ብዛት መገመት አያስቸግርም።

ኢልግ የተጠቀሙበት ዘዴ ሞተርም ሆነ የውኃ መሳቢያ የማይጠይቅ ነበር። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ የገባ ውኃ መነሻው ከመድረሻው ከፍ እስካለ ድረስ በመካከል ሸለቆ ቢያቋርጥም መድረሻው ላይ ይወጣል። ችግሩ ያለው ከሸለቆው ሥር ነው። በየ10 ሜትር ቁልቁለት አንድ የከባቢ አየር ያህል ግፊት ስለሚጨመር፣ ከፍተኛውን ጫና የሚሸከመው ከሁሉ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የቧንቧ ክፍል ነው። በዚያ ቦታ አንድ መጋጠሚያ ከላላ መስመሩ በሙሉ ሥራውን ያቆማል። ቧንቧው መቀበሩም ለውበት ሲባል አልነበረም። ከላይ ቢተው ኖሮ የከብት ኮቴ፣ የፀሐይ ሙቀትና የክረምት ጎርፍ መጋጠሚያዎቹን ባላቀቁት ነበር።

ባቡር ባልነበረበት ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ብረት ሁሉ በግመልና በበቅሎ ጭነት ይጓጓዝ ስለነበር የእያንዳንዱ ቧንቧ ርዝመትና ክብደት እንስሳው በሚችለው ልክ መወሰን ነበረበት። ቧንቧው ባጠረ ቁጥር ደግሞ መጋጠሚያው ይበዛል፣ መጋጠሚያው በበዛ ቁጥር የመንጠብ አደጋው ይጨምራል። ቦዩ የሚቆፈረው በዶማና በአካፋ ነበር።

በአሁኑ ዘመን ይህን ሥራ የሚያከናውኑ መሣሪያዎች አሉ። የቦይ መቆፈሪያው ማሽን ጥርስ ባለው ሰንሰለት አፈሩን እየነቀለ ወደ ዳር ያወጣል። የኬብል ማረሻ የሚባለው ግን ቦይ ሳይከፍት ምድሩን በቀጭን ስለት ይሰነጥቅና ኬብሉን ከሥር እያስገባ ያልፋል፤ የተሰነጠቀውም አፈር ወዲያው ይገጥማል። የእቴጌ ጣይቱ የአባታቸው የራስ ብጡል ወገን ከሆነበት ከስሜን ለሚመጣ አንባቢ አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም። በዳባትና በደባርቅ ገበሬ እጅ ያለው ማረሻም አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም። ከደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን በሚወርደው ገደል ግን ምድሩ የእሳተ ገሞራ አለት በመሆኑ የኬብል ማረሻ ሊሠራ አይችልም። በእንዲህ ያለው ስፍራ አለት መስበሪያ ያስፈልጋል፤ የአንዱ ኪሎ ሜትር ወጪም ከሜዳው ጋር የሚወዳደር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአዲስ አበባ ኮሪደር ልማት የመብራትና የቴሌኮም መስመሮች ወደ ምድር ውስጥ እንዲገቡ ሲደረግ የሥራው ጠባይ ከኢልግ ዘመን የተለየው በመሣሪያ እንጂ በመርሕ አልነበረም።

ከመሬት በላይ የተዘረጋው መስመር ዕጣ ሌላ ነበር። ልዑል ራስ መኰንን በ1882 ዓ.ም. ከጣሊያን ሲመለሱ ስልክ ይዘው መምጣታቸውና በግቢው የተሞከረው የስልክ ድምፅ ካህናቱን ማስደንገጡ ይነገራል። ከ1889 እስከ 1891 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ሐረርንና አዲስ አበባን የሚያገናኝ 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ተዘረጋ። በዚህም ሥራ የኢልግ ድርሻ ነበረበት። የእንጨቱን ምሰሶ ምስጥ ይበላዋል፣ ሽቦውንም ለጌጥ የሚቆርጥ አይጠፋም ነበርና መስመሩን ከመዘርጋት መጠበቁ ይከብድ እንደነበረ መገንዘብ ይቻላል።

ኢልግ በመሐንዲስነት ብቻ ተወስነው አልቀሩም። የውጫሌ ውል ክርክር ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ በውጭ ጉዳይ ሥራ ንጉሠ ነገሥቱን ያማክሩ ነበር። የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ቴምብሮች በፓሪስ እንዲታተሙ፣ የምኒልክ ምስል ያለበት ብርም በዚያው እንዲመታ ከተደረገው ጥረት ጋር ስማቸው የተያያዘ ነው። በጦር መሣሪያ ንግድም ተካፍለዋል፤ በሐረር ይነግድ ከነበረው ፈረንሳዊ ገጣሚ አርተር ራምቦ ጋርም ስለ ንግድ ጉዳይ ብዙ ደብዳቤ ተጻጽፈዋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከተገኘው የዐድዋ ድል በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. የውጫሌን ውል የሻረው የሰላም ስምምነት በአዲስ አበባ ተፈረመ። በዚያው ዓመት ኢልግ የመንግሥት አማካሪነት ማዕርግ ተሰጣቸው።

ለሕይወታቸው ታላቅ ተስፋም ታላቅ ፈተናም የሆነው ግን የምድር ባቡሩ ነበር። መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረርና በእንጦጦ በኩል እስከ ከፋና ነጭ ዓባይ የሚደርስ የባቡር መስመር እንዲሠራ ለ99 ዓመት የሚጸና ፈቃድ ለኢልግ ሰጡ። ፈረንሳዊው ነጋዴ ሊዮን ሸፍኔ በዚህ ሥራ ባልደረባቸው ነበሩ። በ1888 ዓ.ም. ኩባንያ ተቋቋመ፤ በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራው ከጅቡቲ ተጀመረ።

በዚህ ስፍራ የኢልግ ስሌት ጎደለ። የእንጦጦውን ቧንቧ ያሠራው ገንዘብም ትእዛዝም የአንድ ባለቤት፣ የንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ባቡሩ ግን በውጭ አገር ባለ አክሲዮኖች ገንዘብ ላይ የቆመ በመሆኑ ኩባንያው ገንዘብ ባጠረው ቁጥር አዲስ ባለ ድርሻ ይገባበት ነበር። በጥር ወር 1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ለኩባንያው በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊሰጥ ተስማማ፤ በምላሹም በመስመሩ ላይ የቁጥጥር ሥልጣን አገኘ። ስምምነቱ የኢትዮጵያን ንጉሠ ነገሥት ፈቃድ ሳይጠይቅ የተፈጸመ ስለነበር ዐፄ ምኒልክ እጅግ ተቆጡ። በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስም በምረቃው ላይ ለመገኘት አልፈቀዱም። ወደ ሐረር የሚወጣው ዳገት ወጪው ከፍተኛ በመሆኑ መስመሩ በግርጌው ቀርቶ ነበር፤ ድሬዳዋም ከተማ የሆነችው በዚሁ ምክንያት ነው።

ኢልግ በሁለት ወገን መካከል ተያዙ። በአንድ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ፣ በሌላ በኩል ንጉሠ ነገሥቱ የሚጠረጥሩት ኩባንያ መሥራች ነበሩ። አንድ ሰው ሁለቱን ኃላፊነት ደርቦ መያዙ ከመጀመሪያውም የሚመከር እንዳልነበረ ነገሩ ካለፈ በኋላ ማለት ቀላል ነው፤ በጊዜው ግን ሌላ የሚተካቸው ባለሙያ አልነበረም። በታኅሣሥ ወር 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ስለ ኢትዮጵያ የሦስትዮሽ ውል ሲፈራረሙ የባቡሩም ነገር በውሉ ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት ኢልግ ሥራቸውን ለቀቁ፣ ኩባንያውም ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. ፈቃዱ ወደ ሌላ ሰው ተላልፎ አዲስ ኩባንያ ተመሠረተ።

ኢልግ በ1887 ዓ.ም. ያገቧቸውን ባለቤታቸውን ፋኒን ይዘው፣ በኢትዮጵያ ያነሷቸውን በርካታ ፎቶግራፎችና የሰበሰቧቸውን ቅርሶች ሰብስበው በዙሪክ ኑሯቸውን አጸኑ። ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ ወር 1906 ዓ.ም. አረፉ። ኢልግም ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የገና በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ በ61 ዓመታቸው በዙሪክ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ከጅቡቲ የተነሣው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። የኢልግ ፎቶግራፎች በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦች ባህል ሙዚየም ይገኛሉ።