ከካቴድራሉ በፊት ትምህርት ቤት
ካርዲናል ሄንሪ ኤድዋርድ ማኒንግ (1808 – 1892)

የታላላቅ እረኞችን ሕይወት ስናነብ ብዙውን ጊዜ ሠርተው ያቆሙትን ሕንፃ እንቆጥራለን። በዚህ ዕትም የምናቀርብላችሁ ግን ሳይሠሩ ባቆዩት ሕንፃ የሚታወሱትን የዌስትሚኒስተር ሊቀ ጳጳስ፣ ካርዲናል ማኒንግን ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማኒንግ በ1808 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለዱ። አባታቸው የስኳር ነጋዴ፣ የምክር ቤት አባልና የእንግሊዝ ባንክ ገዥ የነበሩ ሲሆን፣ በ1831 ዓ.ም. ግን ከስረው ሀብታቸውን አጡ። ልጃቸው በኦክስፎርድ ተምረው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኑ። በ1833 ዓ.ም. ጋብቻ ፈጸሙ፤ ነገር ግን ባለቤታቸው ከአራት ዓመት በኋላ ዐረፉ። በ1851 ዓ.ም. ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገብተው በዚያው ዓመት የክህነት ማዕርግ ተቀበሉ፤ በ1865 ዓ.ም. ደግሞ ሊቀ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ።

ዘመኑ የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ነበር። እንግሊዝ በፋብሪካና በመርከብ ንግድ ብትበለጽግም፣ በለንደን የድኾች ሰፈሮች አንድ ቤተ ሰብ በሙሉ በአንዲት ክፍል ይኖር ነበር። ከካቶሊካውያኑ የሚበዙት በ1845 ዓ.ም. ከጀመረው ረሀብ የሸሹ አየርላንዳውያንና ልጆቻቸው ነበሩ። አባት በየማለዳው በወደብ በር ቆሞ ለጥቂት ሰዓት የጭነት ሥራ መመረጥን ይጠባበቃል። ልጁም ተላልኮና ሸቅጦ ጥቂት ሳንቲም ያመጣል። ትምህርት ቤት ሳምንታዊ ክፍያ ይጠይቅ ስለ ነበር፣ ልጁን የሚልክ ወላጅ የልጁን ገቢ ያጣል፤ በዚያም ላይ ይከፍላል። ስለዚህ ድኻው ልጁን ከትምህርት ያስቀረው ዕውቀትን ንቆ ሳይሆን እንጀራ አጥቶ ነበር።

ማኒንግ በተሾሙ ጊዜ ምእመናን ለቀድሞው ሊቀ ጳጳስ ለካርዲናል ዋይዝማን መታሰቢያ ካቴድራል እንዲሠራ ይሹ ነበር። እርሳቸው አሳቡን አልተቃወሙም፤ ቦታም ገዙለት። ነገር ግን በየጎዳናው የቀሩት ልጆች አስቀድመው እንዲሰበሰቡ ፈለጉ። ስለዚህ በ1866 ዓ.ም. የሀገረ ስብከቱን የትምህርት ገንዘብ አቋቋሙ። ከዚህም ጋር በመንግሥት የድኾች መጠለያ ያሉ የካቶሊክ ልጆች በእምነታቸው እንዲያድጉ ተሟገቱ።

በ1870 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ሕግ በሕዝብ ግብር የሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶችን አቋቋመ፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ግን ከዚያ ግብር ድርሻ አልነበራቸውም። ድኻው ካቶሊካዊ ለሁለት ወገን ማዋጣት ግድ ሆነበት። ማኒንግ ይህን በደል ለማስተካከል እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ደከሙ፤ ከ1886 እስከ 1888 ዓ.ም. ትምህርትን በመረመረው የንጉሣዊ መንግሥት ኮሚሽን ውስጥም አገለገሉ።

ጉድለት አልነበረባቸውም አንልም። ለድኻው ልጅ የትምህርትን በር የከፈቱት አባት፣ የካቶሊክ ወጣቶች ወደ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ እንዳይገቡ አጥብቀው ተቃውመዋል።

በ1889 ዓ.ም. የለንደን ወደብ ሠራተኞች የሰዓት ደመወዛቸው ከ5 ወደ 6 ፔንስ ከፍ እንዲል ጠይቀው ሥራ አቆሙ። ሳምንታት አለፉ፤ ልጆቻቸውም ተራቡ። የ81 ዓመቱ ካርዲናል በአሠሪዎችና በሠራተኞች መካከል ተመላልሰው ሽምግልና ያዙ። በመስከረም ወር በፖፕላር ሰፈር ከሠራተኞቹ ተወካዮች ጋር ለሰዓታት ተወያይተው ለስምምነት ያበቋቸው በአንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዕርቁ ተፈረመ፤ 6ቱ ፔንስም ተፈቀደ። የአባት ደመወዝና የልጅ ትምህርት አንድ ጉዳይ መሆኑ በዚያ ስፍራ ተገለጠ።

ር.ሊ.ጳ. ልዮን 13ኛ ስለ ሠራተኞች መብት የጻፉትን ሬሩም ኖቫሩም በ1891 ዓ.ም. ለማየት በቁ። በዚያው ዓመት ሕግ በብዙዎቹ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍያ እንዲቀር አደረገ። ማኒንግ ጥር 14 ቀን 1892 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ቀብራቸውንም እጅግ ብዙ የሠራተኛ ሕዝብ ተከተለ። የካቴድራሉ የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠው ከሦስት ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ዐፅማቸውም በኋላ ወደዚያው ፈለሰ።

እኛም በየቁምስናችን የሕንፃ ዕቅድ ስናወጣ፣ ከትምህርተ ክርስቶስ ክፍል የቀረው ልጅ ለምን እንደ ቀረ አስቀድመን ወደ ቤቱ ሄደን እንጠይቅ። ምናልባት የቀረው ሰንፎ ሳይሆን ርቦት ይሆናል።