አልፎንሲና ስትራዳ፦ በመጥረጊያ እንጨት ውድድሯን የቀጠለችው ብስክሌተኛ

ዛሬ በሻርጃ አል መጃዝ፣ በኻሊድ ሐይቅ ዳር፣ ሴት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ ያየ ሰው ዞር ብሎ አያያትም። ከ100 ዓመት በፊት በጣሊያን ግን እንዲህ አልነበረም።

አልፎንሲና ሞሪኒ እ.ኤ.አ በ1891 በሞዴና አቅራቢያ ከድሃ ገበሬዎች ተወለደች። የ10 ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ አሮጌ ብስክሌት ይዞ መጣ፤ መንዳት የተማረችው በዚያ ነው። ካደገች በኋላ ልብስ እየሰፋች ትወዳደር ነበር። በ1915 ሉዊጂ ስትራዳን አገባች፤ የሰርግ ስጦታው የውድድር ብስክሌት ነበር። በ1917 እና በ1918 በሎምባርዲያ ውድድር ከወንዶች ጋር ተሰለፈች።

በ1924 ትልልቆቹ ቡድኖች በገንዘብ ጉዳይ ተጣልተው ከጣሊያን ዙር ውድድር ቀሩ። አዘጋጆቹ በግል ለሚመጡ ተወዳዳሪዎች በር ሲከፍቱ አልፎንሲና ተመዘገበች። መንገዱ 12 ደረጃዎችና 3,613 ኪሎ ሜትር ነበረው። ባሏ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ገብቶ ስለነበር ገንዘቡ ያስፈልጋት ነበር።

ከላኪላ ወደ ፔሩጃ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በዝናብና በነፋስ መካከል፣ የብስክሌቷ መሪ ተሰበረ። በተሰበረው ቦታ የመጥረጊያ እንጨት አስገብታ መንገዷን እንደቀጠለች ይነገራል።

ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለመረዳት የአቀማመጥን ነገር ማወቅ ይጠቅማል። የብስክሌተኛ ክብደት በሦስት ቦታ ያርፋል፦ በኮርቻው፣ በፔዳሉና በመሪው። አንዱ ከተበላሸ ሸክሙ ወደ ወገብ፣ ትከሻና እጅ ይዞራል። ኮርቻው በጣም ዝቅ ካለ ጉልበት ፊት ለፊቱን ይታመማል፤ በጣም ከፍ ካለ ዳሌ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ቀላሉ መለኪያ ይህ ነው፦ ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን በፔዳሉ ላይ ያድርጉ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ቀጥ ካለ ቁመቱ ልክ ነው። ሲነዱ ፔዳሉን የሚረግጡት በፊተኛው የእግር ክፍል ስለሆነ ጉልበትዎ ትንሽ ይታጠፋል። ኮርቻው አፍንጫው ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ሜዳ ይሁን።

አልፎንሲና ፔሩጃ የደረሰችው ከተወሰነው ሰዓት በኋላ ነው። ከደረጃ ሰንጠረዡ ብትሰረዝም አዘጋጆቹ ወጪዋን ችለው እንድትቀጥል ፈቀዱላት። ከ90 ተነሺዎች 30ዎቹ ብቻ በይፋ ሲጨርሱ እሷም ከደረጃ ውጭ ሚላኖ ገባች። ያገኘችው ገንዘብ ለባሏ ማሳከሚያ ዋለ።

በቀጣዩ ዓመት እንድትወዳደር አልተፈቀደላትም። እሷ ግን ብስክሌትን አልተወችም፤ በኋላም ሚላኖ ውስጥ የብስክሌት ሱቅ ከፈተች። መስከረም 13 ቀን 1959 ውድድር አይታ ስትመለስ ሞተር ሳይክሏን ለማስነሳት እየታገለች በ68 ዓመቷ አረፈች።

አልፎንሲና ያን ቀን ሰውነቷን ለተሰበረ ዕቃ አስገዛች። ለአንድ ቀን ይቻላል። ዕለት ዕለት በጉልበቱ የሚሠራ ሰው ግን ዕቃውን ለሰውነቱ ማስተካከል አለበት። የኮርቻው ሕግ ለወለል መወልወያም ይሠራል፦ እጀታው ካጠረ ወገብ ይጎብጣል። የሚረዝም ከሆነ ያስረዝሙት፤ ካልሆነ ረጅም እጀታ ይጠይቁ። ዕቃ ይተካል፤ ወገብ አይተካም።