ሦስት ጊዜ ፈተና የወደቀው ሊቅ፤ የሊ ሺዠን የሕይወት ታሪክ

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም የሚለውን ተረት፥ ለመልቀቂያ ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪን ያህል አዘውትሮ የሚሰማው ሰው ያለ አይመስለኝም። የሒሳብ ደብተሩን ዘግቶ ስለ ከዋክብት ወይም ስለ ንብ አኗኗር የሚያነብ ተማሪ ሲታይ፥ ወላጁም መምህሩም ጓደኛውም ይህንኑ ተረት ያስታውሱታል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ አይናቅም። ዳሩ ግን ተረቱ ለሰው ሁሉ በጊዜው ሁሉ እውነት መሆኑን ለመመርመር፥ ከአራት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ በቻይና አገር የኖረውን የሊ ሺዠንን ታሪክ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ባጭሩ ለማቅረብ አሰብሁ። ዓመታቱ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሊ ሺዠን በ1518 ዓ.ም. ያንግሴ ከሚባለው ታላቅ ወንዝ አጠገብ፥ ዛሬ ሁቤይ በሚባለው ክፍለ ሀገር፥ ቺጆው በምትባል ከተማ ተወለደ። አያቱም አባቱም ሐኪሞች ነበሩ፤ አባቱማ ስለ ዕፀዋት መድኃኒትነት እስከ መጻፍ የደረሰ ዐዋቂ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የሐኪም ሥራ እንደ ዝቅተኛ የእጅ ሙያ ይቈጠር ነበርና፥ ሐኪም እንጀራውን ቢያገኝ እንኳ ክብር አያገኝም ነበር። ክብር የሚገኘው ከመንግሥት ሹመት ነበር፤ ወደ ሹመት የሚያደርሰውም ዋናው መንገድ የመንግሥት ፈተና ነበር። ስለዚህ አባቱ ልጁ ከቤተ ሰቡ ሙያ ወጥቶ ሹም እንዲሆንለት አጥብቆ ይመኝ ነበር።

ፈተናው እጅግ ከባድ ነበር። ተማሪው የኮንፊዩሸስንና የሌሎችን የጥንት ሊቃውንት መጻሕፍት በቃሉ አጥንቶ፥ በስምንት ክፍል በተወሰነ ሥርዓት ድርሰት መጻፍ ነበረበት። በትውልድ አገሩ የሚሰጠውን ያለፈ ተማሪ፥ በየሦስት ዓመቱ ወደ ክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ሄዶ በጠባብ ክፍል ተዘግቶበት ይፈተናል። ተወዳዳሪው ብዙ፥ አላፊው ግን ጥቂት ነበር። በዚህ ሁሉ ውስጥ ስለ ቅጠልና ስለ ሥር፥ ስለ ዓሣና ስለ ወፍ፥ ስለ በሽታም አንድ ጥያቄ አይጠየቅም።

ልጁ ሊ ሺዠን ግን ልቡ ያዘነበለው ወደማይጠየቀው ነገር ነበር። ከአባቱ ጋር ወደ ኰረብታው እየወጣ ቅጠል ይለቅማል፤ አባቱ በሽተኛ ሲመረምር ይመለከታል፤ የመድኃኒት መጻሕፍትንም ያገላብጣል። እንዲህም ሆኖ በ14 ዓመቱ የመጀመሪያውን ደረጃ ፈተና አለፈ። የቤተ ሰቡ ደስታ ትልቅ ነበር። ከዚህ በኋላ ግን በ1534፥ በ1537ና በ1540 ዓ.ም. ውቻንግ ወደምትባለው ከተማ ሄዶ ሦስት ጊዜ ተፈትኖ ሦስት ጊዜ ወደቀ። አባት ተስፋውን ሁሉ የጣለበት ልጅ በየሦስት ዓመቱ ባዶ እጁን ሲመለስ በዚያ ቤት የነበረውን ዝምታ፥ ፈተና የተፈተነ ሁሉ ሊገምተው ይችላል።

በነዚህ የፈተና ዓመታት መካከል፥ ዕድሜው 20 በሆነ ጊዜ፥ ብርቱ ሳልና ትኵሳት ያዘው። ብዙ መድኃኒት ቢወስድም በሽታው እየባሰ ሄደ፤ ያዩትም ሰዎች አይተርፍም ብለው ነበር። በመጨረሻ አባቱ አንድ የጥንት ሐኪም የጻፈውን አስታውሶ፥ የአንድ ተክል ሥር ብቻ አፍልቶ አጠጣው። በማግሥቱ ትኵሳቱ ለቀቀው፤ ሳሉም ተወው። ሊ ሺዠን ይህን ነገር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልረሳውም፤ በኋላም በታላቁ መጽሐፉ ውስጥ ጽፎታል። ከሞት ያዳነው ለፈተናው ያጠናው ሳይሆን፥ ለፈተና የማይጠቅመው ዕውቀት ነበር።

ከሦስተኛው መውደቅ በኋላ የሹመትን መንገድ ትቶ ሐኪም ለመሆን ቈረጠ፤ አባቱም እሺ አለው። ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል ከቤት ሳይወጣ ያገኘውን መጽሐፍ ሁሉ ያነብ እንደ ነበረ ይነገራል። ሕክምናው እየታወቀ ሲሄድ በውቻንግ ይኖር የነበረው የንጉሥ ዘመድ መስፍን ወደ ቤቱ ወሰደው፤ ቀጥሎም በቤይጂንግ ቤተ መንግሥት ወደነበረው የሐኪሞች መሥሪያ ቤት ተላከ፤ እዚያ ግን ብዙ አልቈየም።

የጥንቱን የመድኃኒት መጻሕፍት ሲመረምር ብዙ ስሕተት አገኘባቸው። አንዱ ቅጠል በሁለት ስም ተጽፎ ሁለት መድኃኒት ተደርጓል፤ ሁለት የተለያዩ ቅጠሎችም ባንድ ስም ተቀላቅለዋል። እንዲህ ያለው ስሕተት በመጽሐፍ ላይ የቀለም ጥፋት ይመስላል፤ በበሽተኛ አፍ ውስጥ ግን ሞት ነው። ስለዚህ በ1552 ዓ.ም.፥ በ34 ዓመቱ፥ ሁሉንም አርሞ እንደ ገና ለመጻፍ ተነሣ።

ያነበበውን ብቻ አላመነም። ከገበሬ፥ ከዓሣ አጥማጅ፥ ከእንጨት ቈራጭና ከአዳኝ እየጠየቀ በተራራና በወንዝ ዳር ተንከራተተ። ገላው እንደ ዓሣ በቅርፊት የተሸፈነ አንድ አውሬ አለ። የጥንት መጽሐፍ ይህ አውሬ ቅርፊቱን ከፍቶ ጕንዳኖቹን ካስገባ በኋላ ዘግቶ ወደ ውሃ ይገባና ሲንሳፈፉ ይበላቸዋል ይል ነበር። ሊ ሺዠን ግን የአውሬውን ሆድ ቀዶ በጨጓራው ውስጥ ብዙ ጕንዳን አገኘ፤ በምላሱ እየሳበ እንደሚበላም ጻፈ። የሚያደነዝዝ አበባም በወይን ጠጅ ውስጥ ጨምሮ በራሱ ላይ ሞከረ። ይልቁንም በዘመኑ ነገሥታትና መኳንንት ዕድሜ ያረዝማል እያሉ የባዜቃ መድኃኒት ይወስዱ በነበረ ጊዜ፥ ባዜቃ ሰውን እንደሚገድል በግልጥ ጻፈ። ሥራውን ሲጀምር በዙፋን ላይ የነበረው ንጉሥ ራሱ እንዲህ ያለውን መድኃኒት የሚወድ ነበርና፥ ይህ ትንሽ ድፍረት አይደለም።

27 ዓመት ከሠራና ሦስት ጊዜ እንደ ገና ከጻፈ በኋላ፥ በ1578 ዓ.ም. ቤንጻኦ ጋንግሙ የተባለውን መጽሐፍ ፈጸመ። መጽሐፉ በ52 ክፍል ተከፍሎ 1,892 የመድኃኒት ዓይነቶችን፥ ከ11,000 የሚበልጡ የመድኃኒት አሠራሮችንና ከ1,100 የሚበልጡ ሥዕሎችን ይዟል። ከአሜሪካ መጥቶ በቻይና ገና እንግዳ የነበረው በቈሎም ተጽፎበታል። ለዚህ ሥራ 800 የሚያህሉ መጻሕፍትን መርምሯል።

ውድ አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባናል። ያን ሁሉ የቈየ መጽሐፍ ለማንበብ፥ ቃልን ከቃል ለማመዛዘንና በሥርዓት ለመጻፍ የቻለው በልጅነቱ ለፈተና ብዙ ስለ ደከመ ነው። ለፈተናው ያጠናው ብዕሩን ሰጠው፤ ከአባቱ ጋር የለቀመው ቅጠል ደግሞ የሚጽፈውን ነገር ሰጠው። ከሁለቱ አንዱ ቢጐድል ኖሮ መጽሐፉ አይኖርም ነበር።

መጽሐፉን የሚያትምለት ለማግኘት ግን ብዙ ተቸገረ። አንድ የታወቀ ደራሲ መቅድም እንዲጽፍለት በ1580 ዓ.ም. ለመነው፤ መቅድሙን ያገኘው በ1590 ዓ.ም. ነው። በናንጂንግ ከተማ አንድ አሳታሚ ሥራውን ቢጀምርም፥ ሊ ሺዠን መጽሐፉ ታትሞ ሳያየው በ1593 ዓ.ም. ዐረፈ። መጽሐፉ የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1596 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ልጁ ለንጉሡ አቀረበው፤ ከቤተ መንግሥት ግን ብዙ ምስጋና አልመጣም።

በመጽሐፉ ውስጥ ዛሬ ሳይንስ የማይቀበለው ብዙ ነገር አለ፤ የራሱ ስሕተትም አልታጣበትም። ሆኖም ሰዎች ደጋግመው አተሙት፤ ወደ ጃፓንና ወደ አውሮፓም ደረሰ፤ በ2011 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም መታሰቢያ መዝገብ ጻፈው። በዚህ መጽሐፍ ለሚመላለስ ትኵሳት ይጠቅማል ተብሎ፥ ከርሱ በፊት ከነበረ ሐኪም ተወስዶ የተጻፈ አንድ ቅጠል ይገኛል። የቻይና ሊቃውንት ከዚሁ ተክል በ1972 ዓ.ም. አርቴሚሲኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት አወጡ። ከዚህ መድኃኒት የተሠራው ኪኒን ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ባገራችንም በቈላ የሚኖሩ ብዙ በሽተኞችን አድኗል።

ይህን የጻፍሁት መውደቅን ለማመስገን አይደለም። እኔም ጓደኞቼም በቅርቡ ለመልቀቂያ ፈተና እንቀርባለን፤ ማለፍም እንፈልጋለን፤ ወላጆቻችን የደከሙልንንም እናውቃለን። የወደቀ ሁሉ ሊ ሺዠን አይሆንም፤ እርሱ ከወደቀ በኋላ 27 ዓመት ላንድ መጽሐፍ ደክሟልና። ነገር ግን በፈተናው ወረቀት ላይ የማይመጣውን ነገር ለማወቅ የሚጓጓ ልብ ካለን፥ ልናስተካክለው እንጂ ልናጠፋው አይገባንም። ሊ ሺዠን በወጣትነቱ በሁለት ዛፍ ላይ የሚወጣ ይመስል ነበር፤ በኋላ ግን ሁለቱ ያንድ ዛፍ ቅርንጫፎች ሆነው ተገኙ።