ሞገድን ፈር ያስያዙት ሊቅ

ካርል ፈርዲናንድ ብራውን እ.ኤ.አ በ1850 በጀርመን ፉልዳ ከተማ ተወለዱ። በ1872 በበርሊን የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ በልዩ ልዩ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች አስተማሩ፤ በ1895ም በስትራስቡርግ የፊዚክስ ተቋምን መምራት ጀመሩ። በ1897 የሠሩት የካቶድ ጨረር ቱቦ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለቴሌቪዥን መሠረት ሆኗል።

በዚያ ዘመን ገመድ አልባ መልእክት ገና ጀማሪ ነበር። ከአንድ አንቴና የሚወጣው ሞገድ በብተና እንደሚዘራ ጤፍ በየአቅጣጫው ይሠራጫል፤ አብዛኛው ኃይልም ተቀባይ በሌለበት ይባክናል። ብራውን ሞገዱን እንደ መስመር ዘር ፈር ለማስያዝ ተነሡ።

በ1905 ሦስት አንቴናዎችን በሦስት ማዕዘን ተከሉ። ከአንቴናዎቹ የአንዱ ሞገድ ከሌሎቹ በጥቂቱ እንዲዘገይ አደረጉ። ሞገዶቹ በአንድ ወገን ተደጋግፈው በረቱ፤ በሌላው ወገን ተጣፍተው ደከሙ። አንቴናዎቹ ከቦታቸው ሳይነቀሉ፣ የሚዘገየውን በመቀያየር ብቻ የመልእክቱን አቅጣጫ መለወጥ ተቻለ።

በ1909 ለገመድ አልባ ግንኙነት ላበረከቱት አስተዋጽኦ ከጣሊያናዊው ማርኮኒ ጋር የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ።

የመጨረሻ ዘመናቸው ግን መራራ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት በተቀጣጠለበት በ1914 መገባደጃ፣ በፈጠራ መብት ክርክር ለመመስከር ወደ ኒውዮርክ ተጓዙ። ጉዳዩ በሴይቪል የሚገኘውን፣ ከጀርመን ጋር የሚገናኘውን የገመድ አልባ ጣቢያ የሚመለከት ነበር። ሕመምና ጦርነት መመለሻ አሳጧቸው። አሜሪካ በ1917 ወደ ጦርነቱ ስትገባ የጠላት አገር ዜጋ ሆነው ተቆጠሩ። መልእክት በሞገድ አትላንቲክን ሲሻገር እርሳቸው አገራቸውን ሳያዩ ሚያዝያ 20 ቀን 1918 በብሩክሊን ዐረፉ። ጦርነቱ የቆመው በዚያው ዓመት ኅዳር ነው።

ዘመናዊ የስልክ ማማዎች በርካታ ትናንሽ አንቴናዎችን ይይዛሉ። መሐንዲሶች እያንዳንዱ አንቴና በምን ያህል እንደሚዘገይ አስቀድመው አስልተው፣ ኮድቡክ በሚባል ዝርዝር ያኖራሉ። ማማው በዝርዝሩ ያሉትን አቅጣጫዎች ሲሞክር ስልኩ አጥርቶ የሰማውን መርጦ ቁጥሩን ብቻ ይመልሳል፤ ማማውም ኃይሉን ወደዚያ ያነጣጥራል። ዝርዝሩ ካነሰ በመካከል ያለው ሰው ደካማ ሞገድ ይደርሰዋል፤ ከበዛ ፍለጋው ጊዜ ይፈጃል። የንድፉ ጥበብ ሁለቱን ማመጣጠን ነው።

የዚህ ጥበብ መነሻ የብራውን ሦስት አንቴናዎች ናቸው። ባለቤቱ ከአገሩ ርቆ ቢቀርም፣ ሐሳቡ ዛሬ በየማማው አናት ላይ ይሠራል።