አማኒሬናስ፥ የኩሽ ንግሥት

ከካርቱም ደቡባዊ ሰፈሮች አንዱ ከሆነው ከጀብራ ተነሥቶ የዓባይን ወንዝ በመከተል ወደ ሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው፥ በአሸዋማ ኮረብታ ላይ ተደርድረው የቆሙ በርካታ ፒራሚዶችን ያገኛል። እነዚህ ፒራሚዶች ከታላላቆቹ የግብፅ ፒራሚዶች በመጠን ያነሱ፥ ጎናቸው ግን ይበልጥ ቀጥ ያለ ነው። ሥፍራው ሜሮዌ ይባላል። ሜሮዌ በጥንት ዘመን የኩሽ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። በዚህ መንግሥት ላይ ከነገሡት መካከል፥ ከሮማ ኃይል ጋር ተዋግታ በክብር የታረቀችው የንግሥት አማኒሬናስ ስም ጎልቶ ይነሣል።

የኩሽ ሰዎች ብረት የሚያቀልጡ፥ ከብት የሚያረቡ፥ በወርቅና በዝሆን ጥርስ የሚነግዱና የራሳቸው ፊደል የነበራቸው ሕዝብ ነበሩ። ግሪኮች አገራቸውን ኢትዮጵያ እያሉ ይጠሯት ነበር። በኩሽ ሥርዓት የንጉሥ እናት፥ አንዳንዴም በራሷ ሥልጣን የነገሠች ሴት፥ ካንዳኬ በሚል ማዕርግ ትጠራ ነበር። በሐዋርያት ሥራ ህንደኬ ተብላ የተጠቀሰችው ንግሥት ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ማዕርግ ነው። ይሁን እንጂ እርሷ ከአማኒሬናስ ብዙ ዓመታት ቆይታ የነገሠች ሌላ ንግሥት ናት።

አማኒሬናስ የኖረችበት ዘመን ለኩሽ ሕዝብ የፈተና ዘመን ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ30 ዓመት የግብፅ ንግሥት ክሊዮፓትራ ስትሞት አገሯ በሮማ እጅ ወደቀ። ስለዚህ ኩሽ ከዓለም ኃያል መንግሥት ጋር ድንበርተኛ ሆነች። ብዙም ሳይቆይ በግብፅ የተሾመው ሮማዊ ገዥ ቆርኔሌዎስ ጋሉስ ወደ ደቡብ ዘለቀ። ከልደት በፊት በ29 ዓመትም በፊሌ ደሴት በሦስት ቋንቋ የተጻፈ የድንጋይ ሐውልት አስተከለ፤ በዚህም የኩሽ ንጉሥ በሮማ ጥበቃ ሥር መግባቱን አሳወጀ። ለኩሾች ግን ይህ ጥበቃ የነፃነታቸው መጀመሪያ ስንጥቅ ነበር።

አማኒሬናስ በታሪክ መድረክ ብቅ የምትለው በዚህ ጊዜ ነው። በታችኛው ኑብያ በሚገኘው በዳካ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ስሟ ከንጉሥ ቴሪቴቃስና ከልዑል አኪኒዳድ ስሞች ጋር ተቀርጾ ተገኝቷል። ኋላም ሐማዳብ በተባለው ሥፍራ በተገኘ ታላቅ የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ከአኪኒዳድ ጋር በገዥነት ተጠቅሳለች።

ከልደት በፊት በ25 ዓመት ግድም በግብፅ ከነበረው የሮማ ሠራዊት ከፊሉ ወደ ዓረብ አገር ዘመተ። የድንበሩ ጥበቃ መሳሳቱን የተመለከቱት ኩሾች ጊዜ አላባከኑም። ጦራቸው ወንዙን ተከትሎ ወረደና አስዋንን፥ ኤለፋንቲንንና ፊሌን ያዘ። ብዙ ሰዎችን ማረከ፤ በከተሞቹ የቆሙትን የአውግስጦስ ቄሣርን ሐውልቶችም ጥሎ ወሰደ። በዚያ ዘመን የቄሣር ሐውልት የቄሣር ሥልጣን ምልክት ነበር፤ ስለዚህ ሐውልቱን መጣል ሥልጣኑን አለመቀበል ማለት ነበር።

አዲሱ የግብፅ ገዥ ፔትሮኒየስ አጸፋውን ለመመለስ አልዘገየም። ከ10,000 የማይበልጡ እግረኞችና 800 ፈረሰኞች አስከትሎ ወደ ደቡብ ዘመተ። የኩሽ ጦር ቁጥሩ ወደ 30,000 እንደሚደርስ ተጽፏል። ነገር ግን አብዛኛው ወታደር ከበሬ ቆዳ የተሠራ ጋሻ፥ መጥረቢያና ጦር ብቻ የያዘ ስለነበር፥ በሥርዓት የሠለጠነውን የሮማ እግረኛ ሊቋቋም አልቻለም። ፔትሮኒየስ ዳካን ያዘ፤ ቀጥሎም ፕሪምኒስ የተባለውን አምባ ያዘ። በመጨረሻም ከኩሽ ቅዱሳት ከተሞች አንዷ ወደሆነችው ወደ ናፓታ ገሠገሠ። ንግሥቲቱ ምርኮኞቹንና ሐውልቶቹን ለመመለስ መልእክተኞች ብትልክም ሮማዊው አዛዥ አልሰማቸውም። ናፓታ ተደመሰሰች፤ ነዋሪዎቿ ተማረኩ። ከምርኮኞቹም 1,000 ያህሉ ወደ አውግስጦስ ተላኩ። ፔትሮኒየስ በፕሪምኒስ አምባ ላይ 400 ወታደሮችን የሁለት ዓመት ስንቅ አስይዞ ካስቀመጠ በኋላ ወደ እስክንድርያ ተመለሰ።

ከእንዲህ ያለ ጥፋት በኋላ ብዙ መንግሥታት እጃቸውን ሰጥተዋል። አማኒሬናስ ግን ቅዱስ ከተማዋ በፈረሰ ማግሥት የተበተነውን ጦር ዳግመኛ አሰባስባ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሠራዊት ወደ ፕሪምኒስ አዘመተች። ፔትሮኒየስ ቀድሞ ደርሶ አምባውን አጠናከረ። ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ንግሥቲቱም የጦርነቱን ኪሳራና የድሉን ተስፋ አመዛዝና መልእክተኞች ላከች። ፔትሮኒየስ ጉዳያቸውን ለቄሣር እንዲያቀርቡ አዘዛቸው። እነርሱ ቄሣር ማን እንደሆነና ወዴት እንደሚገኝ እንደማያውቁ ስለ ገለጹ፥ መሪ ተሰጥቷቸው አውግስጦስ ወደ ነበረበት ወደ ሳሞስ ደሴት ተጓዙ።

የጉዞው ውጤት ከተጠበቀው በላይ ሆነ። ከልደት በፊት ከ21 ወደ 20 ዓመት በሚያሸጋግረው ክረምት አውግስጦስ የለመኑትን ሁሉ ፈቀደላቸው፤ ተጥሎባቸው የነበረውንም ግብር አነሣ። የሮማ ድንበር ከአስዋን በስተደቡብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በማሐረቃ ተወሰነ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት ሰላሙ በአብዛኛው ጸና፤ ንግድም ዳበረ። በተከታዩ መቶ ዓመት የነገሡት ናታካማኒና አማኒቶሬ በነቃና በሌሎችም ሥፍራዎች ቤተ መቅደሶችን ያሠሩት በዚህ ሰላም ጥላ ሥር ነበር።

የዚህን ጦርነት ታሪክ በዝርዝር የጻፈው ግሪካዊው የመልክዐ ምድር ሊቅ ስትራቦን ነው። ስትራቦን ከግብፅ ሮማውያን ገዥዎች የአንዱ ወዳጅ ስለነበር ነገሩን የተመለከተው በሮማ ዓይን ነበር። የንግሥቲቱን የግል ስም እንኳ አልጻፈም፤ ካንዳኬ ከማለት በቀር ስለ እርሷ የነገረን ወንዳወንድና አንድ ዓይኗ የጠፋ መሆኗን ነው።

ይህ ዕጣ የኩሽ ብቻ አልነበረም። በዚያው ዘመን በምዕራብ አውሮፓ ይኖሩ የነበሩትን ኬልቶች የሚያስታውሱን በአብዛኛው የጠላቶቻቸው መጻሕፍት ናቸው። ጎል በሚባለው አገር የነበሩትን ኬልቶች ድል ያደረገው ዩልዮስ ቄሣር የጦርነቱን ታሪክ ራሱ ጻፈ። መሪያቸው ቬርሲንጌቶሪክስ ከልደት በፊት በ52 ዓመት እጁን ሰጥቶ ወደ ሮማ ከተወሰደ በኋላ በ46 ዓመት ተገደለ። የኬልቶች ቋንቋ ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ የአየርላንድና የዌልስ ሕዝቦች ዛሬም ከዚያ ግንድ የወጡ ቋንቋዎችን ይናገራሉ። በኩሽ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጽሑፉ በድንጋይ ላይ ሲቀር ቋንቋው ከአፍ ጠፋ። እንግሊዛዊው ሊቅ ግሪፊዝ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሜሮዌን 23 ፊደላት ድምፅ ለየ፤ ነገር ግን የአብዛኞቹ ቃላት ትርጉም እስካሁን አልተፈታም። ስለዚህ አማኒሬናስ በሐማዳብ ድንጋይ ላይ ያስቀረጸችው ቃል ይነበባል፤ ሙሉ ምሥጢሩ ግን ገና አልታወቀም።

ይሁን እንጂ ምድር ራሷ መስክራለች። እ.ኤ.አ. በ1910 በሜሮዌ ፍርስራሽ ውስጥ ሲቆፍሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ከአንድ ቤተ መቅደስ ደረጃ ሥር የተቀበረ የነሐስ ራስ አገኙ። የአውግስጦስ ቄሣር ራስ ነበር። ሊቃውንት ይህ ራስ በዚያ ዘመቻ ከተወሰዱት ሐውልቶች ከአንዱ የተቆረጠ መሆኑን ያምናሉ። የተቀበረውም ወደ ቤተ መቅደሱ የሚገባ ሰው ሁሉ የቄሣርን ራስ ረግጦ እንዲያልፍ ነበር። ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ሙዚየም ይገኛል። ኩሾች የቀበሩት ሊያዋርዱት ቢሆንም፥ አሸዋው ከጥፋት ጠብቆ በመስታወትና በድንጋይ ከተሠሩት ዓይኖቹ ጋር አቆይቶታል።

አማኒሬናስ ሮማን አላጠፋችም፤ ናፓታንም ከጥፋት ልታድናት አልቻለችም። ነገር ግን በሽንፈት ማግሥት ጦሯን አሰባስባ፥ መዋጋትንና መደራደርን እያንዳንዱን በጊዜው ተጠቅማ የሕዝቧን ነፃነት አስከበረች። ባላንጣዋ ስሟን ሳይጽፈው ቢያልፍም፥ የገዛ ወገኖቿ በድንጋይ ላይ የቀረጹት ጽሑፍ ለትውልድ አድርሶታል።